ዋስ የሌለው እምቢታ

ባለቤቴን አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ከፈታሁት ዓመት አለፈኝ። አማን ታክሲ ውስጥ ግን ገና አልተፋታንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዮርዳኖሷ አማን፣ ጀበል አል-ወይብደህ ሰፈር፣ ከፓሪስ አደባባይ ዝቅ ብላ ቢጫ ታክሲ የምትይዝ ሐበሻ ሴት ሦስት ጥያቄ ይጠብቃታል። የመጀመሪያው «ከየት ነሽ?» ነው፤ መልሱን ሾፌሩ ከፊቷ አንብቦ ስለጨረሰ ለወግ ያህል ነው። ሁለተኛው «ስንት ይከፍሉሻል?» ነው። ሦስተኛውን የሚያመጣው መኪናው ቁልቁለቱን ጀምሮ ወደ መሀል ከተማ ሲወርድ፣ በመስታወቱ አጮልቆ እያያት ነው፦ «ሙትጀውዜ?» አግብተሻል ወይ?

«አዎ» ካሉት «ታዲያ ባልሽ የት ነው?» ይላል። «አላገባሁም» ካሉት ግን የሚለው ብዙ ነው። ስለዚህ መልሴ ሁልጊዜ አዎ ነው። ባለቤቴ ምግብ ቤት ገብቶ ሒሳብ ለመጠየቅ እንኳ ድምፁን ከፍ ማድረግ የሚያፍር፣ ቀጭን፣ ሰላማዊ የመጋዘን ሠራተኛ ነው። አማን ታክሲ ውስጥ ግን ሹመቱ ለጉድ ነው። መጀመሪያ ጥበቃ ነበር፤ ቀጥሎ የጥበቃ ኃላፊ ሆነ። አንድ ክረምት በረዶ ጥሎ ዳገቱ አላስወጣ ባለበት ሰሞን አንዱ ሾፌር ነገር ሲያበዛብኝ ጊዜ ቦክሰኛ አደረግኩት። ሾፌሩ የቀረውን መንገድ ስለ አየር ጠባይ ብቻ አወራኝ። ባለቤቴ ስለዚህ ሁሉ እድገት የሚያውቀው ነገር የለም። ፍቺው ሲጸናም ከቦክሰኝነቱ ያወረደው የለም።

ሰዎች «ዓመቱ እንዴት አለፈ?» ብለው ሲጠይቁኝ ፊታቸውን ለለቅሶ አዘጋጅተው ነው። አልቅሻለሁ፣ አልደብቅም። ዓመቱን ሙሉ ያስቸገረኝ ግን ለቅሶው አልነበረም። ሰበብ አጣሁ።

ባለትዳር ሴት «እምቢ» አትልም፤ «ባለቤቴ እምቢ አለ» ነው የምትለው። እንዲህ ብላ የማታውቅ ካለች ትነሳና ትናገር። እቁብ ግቢ ሲሏት «እስቲ ለባለቤቴ ልንገረው» ትላለች። የሩቅ ዘመድ ብድር ሲጠይቃት «እኔማ ደስ ባለኝ፣ እሱ ግን ገንዘቡን ለብሎኬት አስቦታል» ትላለች። አሠሪዋ ማዳም «ይህችን ዓርብ ብቻ ሥሪልኝ» ስትላት «ማዳም፣ ዓርብ ባለቤቴ ይደውላል፤ ካላገኘኝ ይቆጣል» ትላለች። እኔም እንደ ሴቱ ሁሉ ስል ኖሬያለሁ። ባለቤቴ በማንም ተቆጥቶ አያውቅም። ግን በስሙ የቀሩት ሠርጎች፣ በስሙ የተመለሱት ብድር ጠያቂዎች፣ በስሙ ያልተገባባቸው ማኅበሮች ቢደመሩ አንድ ክፉ ባላባት ይወጣቸዋል። አክስቴ እስከ ዛሬ «ያ አውሬ» ነው የምትለው። እሱ ግን አንዴም ቢሆን «አይሆንም» ብሎኝ አያውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅማ!

ዮርዳኖስ ውስጥ የውጭ አገር የቤት ሠራተኛ ያለ «ከፊል» አትኖርም። ከፊል አሠሪም ነው፣ ዋስም ነው፤ የመኖሪያውም የሥራውም ፈቃድ የሚወጣው በእሱ በኩል ነው። ከፊሏን ያጣች ሴት ወይ ሌላ ትፈልጋለች፣ ወይ ፖሊስ ባየች ቁጥር መንገድ ትሻገራለች። የኔም እምቢታ እንደኔው በከፊል ይኖር ኖሯል፤ ከፊሉ ባለቤቴ ነበር። ፍርድ ቤቱ ዋሱን ሲያወርደው እምቢታዬ ያለ ወረቀት መንገድ ላይ ቀረ።

ስለ ፍቺው ራሱ ብዙ የሚወራ የለም። እኔ እዚህ፣ እሱ እዚያ ሆነን ስልኩ እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ሁለት ቃል ቀረን። ስለምናሠራው ቤት እሱ «ብረት ጨመረ» ይላል፣ እኔ «ላኩ» እላለሁ። ሽምግልናው ግን ሳይነገር አይታለፍም።

አማንና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው። ዮርዳኖስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 የበጋውን ሰዓት የዓመቱ ሙሉ ሰዓት ካደረገችው ወዲህ ደግሞ በክረምት ትኖር የነበረችው የአንድ ሰዓት ልዩነት እንኳ ጠፋች። አሜሪካ ያሉት እህቶቻችን «እዚህ እኮ ሌሊት ነው» ብለው ከሽምግልና ያመልጣሉ፤ እኛ ምን ብለን እናምልጥ? አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች በቪዲዮ ተሰየሙ። እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነው፤ እኔ የተይታን አንሶላ እየተኮስኩ ነበር። ተይታ ማለት የማስታምማት አሮጊት ናት፤ አያቶቻቸውን እንዲህ ነው የሚጠሩት፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሚታየኝ ግንባራቸው ብቻ ነው። ሁለተኛው ካሜራውን ኮርኒሱ ላይ አነጣጥረውታል፤ ድምፃቸው ከአምፖሉ የሚመጣ ይመስላል። ሦስተኛው፣ በዕድሜም በክብርም ትልቁ፣ ስልክ ሲደወል ጆሮ ላይ ይደረጋል ብሎ ከሚያምነው ትውልድ ናቸው። እናም ስለ ትዳር ክቡርነት፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ እናቴ አደራ የመከረኝ አንድ ትልቅ፣ ጸጉራም ጆሮ ነው።

«ልጄ፣ ፊትሽ እኮ አይታየኝም» አሉኝ ጆሮው።

«አባባ፣ እንዲያዩኝ ስልኩን ከጆሮዎ ያንሱት።»

«ካነሳሁትማ በምን እሰማሻለሁ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ተይታ ከሶፋዋ ቀና ብላ ስክሪኑን አየችና «ያ ጆሮ ታሞ ነው? ሐኪም ነሽ እንዴ አንቺ?» አለችኝ። ካውያውን አስቀምጬ ሳቅሁ። ሽማግሌዎቹ ሳቄን ሲሰሙ ልጅቷ ጨክናለች ብለው ተነሡ። ሽምግልናው የፈረሰው እንዲህ ነው።

ዕረፍት ወስጄ አገር ቤት ገባሁና በስምምነት ፍርድ ቤት ቀረብን። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ጉዳያችንን የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌ ዳኞች ነበሩ፤ ምክንያታችንም ከባድ ነው ቀላል ነው እየተባለ ይመዘን ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። በስምምነት የሚፋቱ ሰዎችም ምክንያታቸውን እንዲዘረዝሩ አይገደዱም። ሕጉ ፍርድ ቤቱ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ እንዲሰጥም ይፈቅዳል። ለኛ ሦስት ወር ምን ይጨምርልናል? በሁለት አገር ተቀምጠን ለዓመታት ከማሰብ በቀር ምን ሠርተን!

ንብረቱም በሕጉ መሠረት እኩል ነው። ባልና ሚስት በትዳር ላይ ሆነው ከየግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ይባላል። እኔ የወይብደህን ደረጃ ስወጣ ስወርድ ካገኘኋት ዲናር ግማሿ የእሱ፣ እሱ መጋዘን ካገኛት ብር ግማሿ የእኔ ናት። ያልተጨረሰውን ቤት ሸጠን ተካፈልን። ችግር የሆነው ቡፌው ነው፤ ቡፌ በመጋዝ አይካፈል። እሱ ቡፌውን ወሰደ፣ እኔ በውስጡ የነበሩትን ብርጭቆዎች ወሰድኩ። አሁን እሱ ቤት ባዶ ቡፌ አለ፣ እናቴ ቤት ደግሞ አልጋ ስር በጋዜጣ የተጠቀለሉ ብርጭቆዎች አሉ። እንግዳ ሲመጣ ሁለታችንም እናፍራለን። ሕጉ ግን ተፈጽሟል።

ወደ አማን ስመለስ ዓርብ ጠበቀችኝ። ዮርዳኖስ የቤት ሠራተኞችን በአሠሪና ሠራተኛ ሕጓ ያስገባችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት በወጣው ደንብም በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ተፈቀደ። ደንቡ ሁሉም ቤት ደርሷል ማለት አይደለም፤ በሩ ተቆልፎባት ዓርብን በመስኮት የምታሳልፍ እህት ዛሬም አለች። የደረሰልን ግን ዓርብ ዓርብ አንዷ ክፍል ተሰብስበን ቡና እናፈላለን። ሕጉ ምክንያት አይጠይቅም አልኩ? የዓርብ ቡና ይጠይቃል። ከአቦል እስከ በረካ ሲጠይቅ ይቆያል።

እዚያ ሦስት ወገን አለ። አንደኛው አልቃሽ ወገን ነው፤ «ሐራም! ሐራም!» እያሉ በዐረብኛ ያዝኑልሻል፣ በአማርኛ «ሌላ ይዞ ነው አይደል?» ይሉሻል። ሁለተኛው እልል ባይ ወገን ነው፤ እነዚህ የራሳቸውን ባል በሆዳቸው እየፈቱ ላንቺ ያጨበጭባሉ። ሦስተኛው አጋቢ ወገን ነው። አንዷ ሲኒው ሳይታጠብ ስልኳን አውጥታ «ዱባይ ወንድም አለኝ፣ ጠባዩ ወርቅ ነው፣ ፎቶውን ብቻ እዪው» ትላለች። ያየሁት ወንድም መኪና ተደግፎ የቆመ ነው፤ መኪናው የእሱ እንዳልሆነ ከአደጋገፉ ያስታውቃል።

ከዚህ በፊት ቢሆን «ኧረ ባለቤቴ ቢሰማ!» ብዬ ስልኩን እመልስ ነበር። አሁን ምን ልበል? አፌን ከፈትኩ፣ ባለቤቴ አልወጣ አለ፤ ዘጋሁት። ዝምታ ደግሞ በኛ አገር እሺታ ነው። ማታ ከዱባይ የድምፅ መልእክት መጣልኝ።

ከአገር ቤት የሚመጣውም ቀላል አልነበረም። ዘመዶቼ ዮርዳኖስ ስለምኖር ወንዙ በደጄ የሚያልፍ ይመስላቸዋል። «ጌታ የተጠመቀበት ውሃ አጠገብ ተቀምጠሽ እንዴት ትዳርሽን አጣሽ?» አለችኝ አክስቴ። ጥምቀተ ባሕሩ ከአማን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ እንደሚያስኬድ፣ በደጄ የሚያልፈው የጋዝ መኪና ብቻ እንደሆነ ነገርኳት። አላመነችኝም።

የጋዙ መኪና ነገር ከተነሳ አይቀር፣ አማን ውስጥ የምግብ ማብሰያ ጋዝ የሚዞረው በሙዚቃ ነው። የቤትሆቨንን «ፉር ኤሊዝ» በድምፅ ማጉያ እያሰማ በየሰፈሩ ያዘግማል። የጀርመኑ ሊቅ ለአንዲት ሴት የጻፈውን ዜማ እኛ ስንሰማ የምንጮኸው «ጋዝ አልቋል!» ብለን ነው። ሰዎች «ወንድ የሌለበት ቤት ሲሊንደሩን ማን ይሸከማል?» ይሉኛል። የጋዙ ልጅ ራሱ ተሸክሞ ጣራ ድረስ ያወጣል፣ ይገጥማል፣ ሂሳቡን ይዞ ይሄዳል፤ አያኮርፍም፣ እራትም አይጠይቅም። ውሃም እንዲሁ። የመንግሥት ውሃ በቧንቧ የሚመጣው በሳምንት አንዴ በተራ ነው። ተራው በሚደርስበት ቀን ጣራ ላይ ያለው ታንከር ይሞላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ወለል ይወለወላል። ተራው ሲደርስ ወይብደህ ውስጥ ባለትዳርና ፈት አይለይም፤ ሁሉም ታንከሩን ነው የሚያየው። ከፍቺው በፊትም ታንከሩን የማየው እኔው ነበርኩ። የባል ሥራ ተብሎ የተረከብኩት አዲስ ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ ከእምቢታ በቀር።

ተይታ ዜናውን የሰማችው ዘግይታ ነው። ክርስቲያን ናት፤ የወይብደህ ነባር ሰው ስትሆን ባሏን ከቀበረች ቆይታለች። ዮርዳኖስ ውስጥ የጋብቻና የፍቺ ጉዳይ በሃይማኖት ነው የሚዳኘው፤ ሙስሊሙ በሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ ክርስቲያኑ በየቤተ ክርስቲያኑ ችሎት። የተይታ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ካቶሊክ ናት፣ ፍቺ የምትባል ነገር አታውቅም። እኔ በሰማንያ ተጋብቼ በፍርድ ቤት እንደተፋታሁ ሳስረዳት ቡናዋን አስቀመጠች።

«ወረቀት ፈርመሽ፣ ወረቀት ተቀብለሽ፣ አለቀ?»

«አለቀ፣ ተይታ።»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባሏን ፎቶ ለረጅም ጊዜ አየችው። ሰውዬው ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ሪዙን አሹሎ፣ ለፎቶ አንሺው እንኳ አይሆንም የሚል ይመስላል። «እኔ» አለች፣ «አርባ ዓመት ጠበቅሁ። እግዜር ነው የፈረመልኝ።» ከዚያ አማትባ «ነፍሱን ይማር፣ ጥሩ ሰው ነበር» ብላ ጨመረች፤ ፎቶውን ግን ወለል ስወለውል አብሬ አቧራውን እንዳራግፍለት ያን ቀን አላዘዘችኝም።

ተይታ አንድ ነገር ነገረችኝ። ባሏ በነበረበት ጊዜ ልብስ ሰፊዋንም፣ ጎረቤቷንም፣ አማቷንም የምትመልሰው በእሱ ስም ነበር። ሲሞት ሴቶቹ ሁሉ የቆየ ጥያቄያቸውን ይዘው መጡባት። ምን እንዳደረገች ስጠይቃት «ደነቆርኩ» አለችኝ። ዛሬ የጆሮ ማዳመጫዋን የምታወጣው መቼ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ብልሃቷ ደስ አለኝ፤ እኔ ግን ገና ለመደንቆር አልደረስኩም።

ሐዋላ የመላኪያው ቀን ሲመጣ ነገሩ ጠና። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ብሩን ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ ዘመዶቼ ሁሉ የምንዛሪ ባለሙያ ሆነዋል። ዲናሩ እንደሆነ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1995 ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሮ ቆሟል፤ አንዷ ዲናር አንድ ዶላር ከአርባ አንድ ሳንቲም ናት፣ ወይ ፍንክች። ወዲያ ማዶ ዶላር ባደገ ቁጥር እኔ ወዲህ የበለጸግኩ ይመስላቸዋል። «ዛሬ ስንት ገባ?» ብሎ የሚደውል እንጂ «እንዴት አደርሽ?» ብሎ የሚደውል ጠፋ። ለባለቤቴ ትሄድ የነበረችው ብር ደግሞ ባለቤት አልባ መሆኗን ሁሉም አውቋል።

አጎቴ የደወለው ማታ፣ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው። አጎቴን እወደዋለሁ፤ ትምህርት ቤት በትከሻው ያደረሰኝ ሰው ነው። ከሰላምታው ርዝመት ገንዘቡ ብዙ እንደሆነ ገባኝ። እናቴን ጠየቀኝ፣ ዐረቦቹን ጠየቀኝ፣ የአማንን ብርድ ጠየቀኝ። ከዚያ ባጃጅ ሊገዛ እንደሆነ፣ የጎደለው ትንሽ ብቻ እንደሆነ፣ ትንሿም ስንት እንደሆነች ነገረኝ። ትንሿ የብዙ ወር ደመወዜ ናት።

«ጋሼ፣ እኔ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ባለቤ...» አልኩና ዋጥኩት። ስልኩ ዝም አለ። ውሃው ውስጥ የእግሬን ጣቶች አየኋቸው፤ የሚነግሩኝ አልነበራቸውም።

«ጋሼ፣ አልችልም» አልኩ።

«አልችልም?» አለ በጣም ገርሞት። «ማን ከለከለሽ?»

«ማንም።»

«እሱማ ተፋታችኋል።»

«ተፋተናል።»

«ታዲያ እምቢ ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

ትንሽ ተነፈሰ። ከዚያ በጣም በሽማግሌ ድምፅ «እሺ እንግዲህ» አለኝ፣ «እስቲ ዛሬን እደሪበትና ከራስሽ ጋር ተመካክረሽ ነገ ደውዪልኝ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሳቄ መጣ። አጎቴ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ከሴት አፍ የሰማው እምቢታ ሁሉ ከጀርባው ወንድ ስለነበረው፣ ብቻውን የቆመ እምቢታ ሲያይ ከበላዩ ሌላ ባለሥልጣን አለ ብሎ ይግባኝ መጠየቁ ነው። በማግስቱ ደወልኩለት። ከራሴ ጋር ተመካክሬ ያው ሆነ አልኩት፤ ለባጃጁ ባይሆንም ለጎማው የሚሆን እልካለሁ አልኩት፣ ላኩም። አላኮረፈኝም። እንዲያውም አሁን ሲደውል «ደህና ነሽ? እሷስ ደህና ናት?» ይለኛል፤ «እሷ» የምትባለው ያቺ የከለከለችው እኔ ናት።

ከዚያ ወዲህ እየቀለለኝ ሄደ። የዱባዩን ወንድም «አመሰግናለሁ፣ ማግባት አልፈልግም» አልኩት፤ የድምፅ መልእክቱ ቆመ፣ ሰማይ አልተደፋም። ማዳም ዓርብ ሥሪልኝ ስትለኝ «ማዳም፣ ዓርብ የኔ ናት» አልኳት። «ባልሽ ይደውላል?» አለችኝ። «አይ፣ ማንም አይደውልም። እተኛለሁ።» አየችኝ፣ ትከሻዋን ነቀነቀች፣ ሄደች። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ሰውዬውን በከንቱ ከእንቅልፉ ስቀሰቅሰው ኖሬያለሁ!

አንድ ቀን ደግሞ ለዓመታት በበሩ ሳልፍ ወደኖርኩት ዳረት አል-ፉኑን ገባሁ። ቁልቁለቱ ላይ ያሉ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1920ዎቹ አሮጌ ቤቶች ናቸው፤ ከ1993 ጀምሮ የሥዕል ማዕከል ሆነዋል። እንግሊዛዊው ሎሬንስ ስለ ዐረቦች አመፅ የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ በከፊል ከነዚህ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ነው የጻፈው ይባላል። መግቢያ አይከፈልም። ግቢው ውስጥ የፈረሰ የቢዛንታይን ዘመን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዓምዶቹ መካከል ድመቶች ተኝተዋል። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። አንዳንዱ ገባኝ፣ አብዛኛው አልገባኝም፤ ያልገባኝ ፊትም የፈለግኩትን ያህል ቆምኩ። ጥበቃው ሰላም ሲለኝ «ሙትጀውዜ?» አላለኝም። ለካ አማን ውስጥ ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ወንድ አለ፤ ለማግኘት ሙዚየም መግባት ያስፈልጋል እንጂ።

በቅርቡ ነው እንግዲህ አንዱን ታክሲ ተሳፍሬ ቦክሰኛውን ለማሳረፍ የሞከርኩት። ሾፌሩ ጸጉሩ የነጣ ነው፤ ፊቱ አላስፈራኝም። ሦስተኛው ጥያቄ ሲመጣ «ተፋትቻለሁ» አልኩት።

ሰውዬው መሪውን በሁለት እጁ ይዞ «እኔም!» አለ።

የጠበቅሁት ሁሉ ቀረና የእሱን ታሪክ ሰማሁ። እነሱ ዘንድ ሲጋቡ ጥሎሹ በሁለት ይከፈላል፦ በእጅ የሚሰጠውና ቢፋቱ ወይም ባል ቢሞት የሚከፈለው። ይህ የኋለኛው «ሙአኸር» ይባላል። እሱ በወጣትነቱ፣ ፍቅር ይዞት፣ አይቀርብኝም ብሎ ብዙ ዲናር አስጽፎ ኖሯል። ዛሬ ታክሲ የሚነዳው ያንን ፊርማ ለመክፈል ነው።

«አንቺስ ስንት ሙአኸር ደረሰሽ?» አለኝ።

«እኛ ሙአኸር የለንም።»

«የለም? ሐራም!» ብሎ ምላሱን መጠጠ። «ባዶ እጅሽን?»

«አይ፣ ግማሽ ነው። በትዳር ውስጥ የመጣው ሁሉ ለሁለት ይካፈላል።»

«የቤቱም ግማሽ?»

«የቤቱም ግማሽ።»

«የመኪናውም?»

«መኪና ቢኖረን፣ የመኪናውም።»

ታክሲውን ዳር አቁሞ ወደኋላ ዞረ። የቢጫ ታክሲውን መሪ አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና መሪውን አየ። «ወላሂ» አለኝ፣ «ሐበሻ እንዳገባ የመከረኝ ጓደኛ ነበረኝ። ጠላቴ ኖሯል።» እስከምወርድበት ድረስ ሌላ አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ቦክሰኛው እንኳ እንዲህ ጸጥ አሰኝቶልኝ አያውቅም።

ይህን ስል ሁሉም ታክሲ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ሌሊት ከሆነ፣ ሾፌሩም ዓይኑ ካላማረኝ፣ ቦክሰኛውን ዛሬም እጠራዋለሁ፤ ለደኅንነት የተያዘ ባል በፍርድ ቤት አይፈታም። ለቀረው ሁሉ ግን ለአጎቴም፣ ለማዳምም፣ ለእቁቡም አሰናብቼዋለሁ። ምስኪኑ ሰውዬ ያላለውን እምቢታ ሁሉ ተሸክሞ ኖሯል፤ አሁን ይረፍ። አክስቴም «አውሬ» ማለቱን ብትተው ጥሩ ነው።

ባለትዳሮች ሆይ፣ የባላችሁን ስም በከንቱ አትጥሩ፤ እምቢ የምትሉትን ራሳችሁ በሉት። ዘመዶች ሆይ፣ ፈት ሴት «አይሆንም» ስትላችሁ ከኋላዋ ማን እንዳለ አትፈልጉ። ማንም የለም፣ እሷው ናት፤ ይግባኝም የለውም።